ባሕር የስደት ምሳሌ ነውን? ከፊሎን እስከ አባ መሐሪ

ጠያቂያችን ያቀረቡት ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ስለ አይሁድ የስደት ፍልስፍና በሚጻፉ ነገሮች ውስጥ ባሕር የስደት ምሳሌ ሆኖ ሲጠቀስ አያለሁ። በኦሪት ዘጸአት ግን ባሕሩ የነጻነት በር ነው። ሁለቱ እንዴት ይታረቃሉ? ቤተ እስራኤልስ በዚህ ሐሳብ ውስጥ ስፍራ አላቸውን?» ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ባሕር የስደት ምሳሌ ነው የሚለው አባባል ሳይመረመር ሲደጋገም የኖረ ነው። በዕብራውያን መጻሕፍት ስደት የራሱ ሥዕሎች አሉት፤ በመዝሙረ ዳዊት ምርኮኞቹ ተቀምጠው ያለቀሱት በባቢሎን ወንዞች አጠገብ ነው፣ በገናቸውንም የሰቀሉት በወንዝ ዳር ዛፍ ላይ ነው፣ ወደ ባቢሎን የተወሰዱትም በየብስ እንጂ በመርከብ አልነበረም። ከዚያ በኋላ በተበተኑባቸው አገሮች ሆነው የጻፉትን አሳቢዎች ስናነብም ስደት ብዙውን ጊዜ የሚታየው በተደላደለ መሬት፣ በለመዱት ከተማና በሞላ ቤት ነው። ባሕሩ የሚመጣው ሌላ ጥያቄ ሲነሣ ነው፦ የቆሙበት መሬት ከእግር ሥር ሲታጣ ሰው በምን ይደገፋል? ሕግ፣ ጸሎት፣ ፍልስፍና፣ የእግዚአብሔር ጥበቃ እዚያ ላይ ምን ያህል ይጸናሉ? እንደ እኔ ንባብ ባሕሩ የስደተኛው መደገፊያ የሚፈተንበት ስፍራ ነው። በዚህ መንገድ ካየነው የዘጸአቱ ባሕር ከኋለኞቹ ጋር አይጣላም፤ እስራኤላውያን ወደ ባሕሩ የገቡት ከጭቃና ከጡብ ሥራው ብቻ ሳይሆን ከሥጋው ምንቸትም ተለይተው ነውና።

ከጥንቶቹ መጀመሪያ መነበብ ያለበት የእስክንድርያው ፊሎን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ20 ገደማ ተወልዶ እስከ 50 ዓ.ም. ገደማ የኖረው ይህ ሊቅ የወደብ ከተማ ልጅ ነበር። ስለ አይሁድ መበተን ሲጽፍ ቅድስቲቱን ከተማ እናት ከተማቸው፣ የተወለዱባቸውንና ያደጉባቸውን ስፍራዎች ግን የአባት አገራቸው አድርገው እንደሚቆጥሩ ይናገራል፤ ስለዚህ በእስክንድርያ መኖር ለእርሱ በማዕበል ውስጥ መኖር አልነበረም። ባሕሩን የሚያነሣው ስለ ልዩ ሕጎች በጻፈው ሥራ ሦስተኛ መጽሐፍ መግቢያ ላይ ነው። በዚያ ቦታ፣ አንድ ጊዜ በፍልስፍና ጸጥታ ውስጥ ሆኖ ነፍሱ ከፀሐይና ከጨረቃ ጋር የምትዞር እስኪመስለው ድረስ ይኖር እንደነበር፣ በኋላ ግን ቅናት ድንገት ይዞ በከተማ አስተዳደር ጭንቀት ታላቅ ባሕር ውስጥ እንደወረወረው፣ ራሱንም ከውኃው በላይ ቀና ማድረግ እንዳቃተው ይጽፋል። ይሁን እንጂ ፈጽሞ እንዳልሰጠመ ያክላል፤ ፋታ ባገኘ ቁጥር የነፍሱን ዓይን ገልጦ ወደ ሙሴ መጻሕፍት ይመለሳል። በ38 ዓ.ም. የእስክንድርያ አይሁድ ቤታቸው ተዘርፎ፣ ምኩራባቸው ረክሶ በተገደሉ ጊዜ የማኅበሩ መልእክተኞች መሪ ሆኖ ወደ ሮም የሄደውና በንጉሠ ነገሥቱ በጋይዮስ ፊት የቆመው ይኸው ሰው ነው። እንግዲህ በፊሎን ዘንድ የሚያሰጥመው ባሕር የወገንን ጉዳይ የመሸከም ግዴታ ነው፤ ከአገር መራቅ አይደለም። የግሪክ ፈላስፎች ባሕሩን ለስሜት መናወጥ ምሳሌ ሲያደርጉት ፊሎንም ይህን ልማድ ያውቃል፣ ይጠቀምበታልም፤ በዚህ መግቢያ ላይ ግን ማዕበሉ ከልቡ ውስጥ ሳይሆን ከከተማው አደባባይ ይነሣል።

የታልሙድ፣ ማለትም የአይሁድ የሕግ ክርክርና ትውፊት የተሰበሰበበት መጽሐፍ፣ ሊቃውንት ፈላስፎች ነን ባይሉም ከእነርሱ በኋላ የመጡት ፈላስፎች ሁሉ የሚጠቅሷቸውን ታሪኮች ያወረሱ እነርሱ ናቸው። ረባን ገማልኤል በመርከብ ሲሄድ የሌላ መርከብ መሰበር አይቶ፣ በውስጧ ስለነበረው ስለ ረቢ ዓቂባ እጅግ እንዳዘነ፣ ወደ የብስ ሲደርስ ግን ዓቂባን በፊቱ ተቀምጦ በሕግ ሲከራከር እንዳገኘው ይተረካል። እንዴት እንደዳነ ሲጠየቅ የመርከቧ ሳንቃ እንደገጠመው፣ በመጣበትም ሞገድ ሁሉ ራሱን ዝቅ እንዳደረገ መለሰ። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ ለትሕትና ትምህርት ብቻ ይነገራል። በታልሙድ ያለበት ስፍራ ግን ከዚያ የከበደ ነው። ክርክሩ ባሏ በባሕር ስለጠፋባት ሴት ነው፤ ሰውየው ዳርቻው በሚታይ ውኃ ውስጥ ከሰጠመ ሚስቱ ሌላ ማግባት ትችላለች፣ ዳርቻው በማይታይ ውኃ ከሆነ ግን ምናልባት በማይታየው በኩል ወጥቶ ይሆናልና አትችልም። ነጋዴዎች በየባሕሩ ለሚጠፉበት ሕዝብ ይህ የመጽሐፍ እንቆቅልሽ አልነበረም፤ በየማኅበሩ መበለት ነሽ ያልተባለች፣ ባል አለሽም ያልተባለች ሴት ነበረች። ባሕር በዚህ ሕግ ውስጥ የዕውቀት ወሰን ነው፤ ዳኛው የማያየውን ዳርቻ እንዳየ አድርጎ መፍረድ አይችልም፤ የዚህንም ጥንቃቄ ዋጋ የምትከፍለው ሴቲቱ ናት። የሕጉን ጥንቃቄ የሚያደንቁ ጸሐፊዎች ይህን የመጨረሻውን ነገር ሲዘሉት አይቻለሁ።

በዚያው በታልሙድ፣ ባባ ባትራ በተባለው ክፍል፣ ራባ ባር ባር ሐና የሚባለው ተጓዥ የሚነግራቸው አስገራሚ የባሕር ወጎች አሉ። ከእነርሱ አንዱ ለስደት ጥያቄ ከሁሉ የቀረበ ነው፦ በመርከብ ስንሄድ በጀርባው ላይ አሸዋ የተከመረበት፣ ሣርም የበቀለበት ዓሣ አየን፤ ደረቅ መሬት መስሎን ወጥተን ጋገርን፣ ቀቀልንም፤ ጀርባው በጋለ ጊዜ ግን ተገለበጠ፣ መርከቧም በአጠገባችን ባትሆን ኖሮ በሰጠምን ነበር ይላል። በኋላ ዘመን የተነሡ ተርጓሚዎች ይህን ወግ የስደት ምሳሌ አድርገው አንብበውታል። በዚህ ንባብ ስደቱ የሚመሰለው በባሕሩ እንዳልሆነ ልብ ይሏል፤ ስደቱ መሬት የመሰለው ዓሣ፣ ምድጃ የተተከለበት፣ እንጀራ የተጋገረበት ጀርባ ነው። በአንድ መርከብ ተሳፍሮ ከራሱ መቀመጫ ሥር ስለሚቦረቡረው ሰው በረቢ ሽምዖን ባር ዮሐይ ስም የሚነገረው ምሳሌም በጣም የታወቀ ነው፤ ስለ ማኅበር ተጠያቂነት ጥሩ ትምህርት ቢሆንም ስለ ባሕሩ ብዙ አይነግረንምና አልቆይበትም።

የዚህ ሁሉ ማዕከል ይሁዳ ሃሌዊ ነው። በ11ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ በስፔን የተወለደው ይህ ባለቅኔ፣ ሐኪምና ፈላስፋ በእስላሞቹም በክርስቲያኖቹም የስፔን ክፍሎች የተከበረ፣ ወዳጅ የሞላው ሰው ነበር። ልቡ በምሥራቅ፣ እርሱ ግን በምዕራብ ዳርቻ እንዳለ በተናገረበት ዝነኛ ግጥሙ የስፔንን መልካም ነገር ሁሉ መተው ቀላል እንደሚሆንለት ይላል። በዐረብኛ ጽፎ በ1140 ገደማ የፈጸመው «ኩዛሪ» የተባለው የፍልስፍና መጽሐፉ ኻዘሮች በተባሉት ሕዝብ ንጉሥና በአንድ አይሁዳዊ ሊቅ መካከል የሚደረግ ጭውውት ነው። በሁለተኛው ክፍል ንጉሡ ሊቁን እንዲህ በማለት ያጠምደዋል፦ ስለዚያች ምድር ይህን ሁሉ ካላችሁ ለምን አትሄዱባትም? ሊቁም እንዳሳፈረው ያምናል፤ ስለ ጽዮን የምንጸልየው ጸሎት ትርጉሙን ሳያውቅ እንደሚለፈልፍ ወፍ ድምፅ ነው እስከ ማለት ይደርሳል። በመጽሐፉ መጨረሻ ሊቁ ለመሄድ ሲነሣ ንጉሡ ሐሳቡን ገልብጦ ይከራከረዋል፦ ንጹሕ ልብ ያለው በየትኛውም ስፍራ ወደ እግዚአብሔር መቅረብ ሲችል በየብስና በባሕር አደጋ ራስህን ለምን ትጥላለህ? ይህ የንጉሡ ጥያቄ የስደት ፍልስፍና ሁሉ ጥያቄ ነው። ሊቁ ከሚመልሳቸው መልሶች አንዱ፣ ሰዎች ለትርፍና ለክብር ሲሉ ከዚህ የከፋ አደጋ እየደፈሩ የእርሱ ድፍረት ለምን እንደሚነቀፍ መጠየቅ ነው። በኩዛሪ ውስጥ ባሕሩ ቃልና ተግባር የሚለያዩበት ወይም የሚገጣጠሙበት ነጥብ ነው፤ ስደቱ ደግሞ ከኋላ የቀረው የንጉሡ አዳራሽ ነው።

ሃሌዊ በመጽሐፉ ያለውን በሕይወቱ ፈጸመው። በ1140 ከስፔን ተነሥቶ እስክንድርያ ደረሰ፤ በግብፅ ወራት ከቆየ በኋላ በ1141 ግንቦት ላይ ወደ ቅድስት ምድር በሚሄድ መርከብ ተሳፍሮ ነፋስ ጠበቀ፤ በዚያው ዓመትም ሞተ። ይህን የምናውቀው በካይሮ አጠገብ በፉስጣጥ በሚገኘው በቤን ዕዝራ ምኩራብ ውስጥ ተከማችተው ከተገኙት ደብዳቤዎች ነው፤ እነዚህን መርምሮ የጉዞውን ታሪክ የገለጠው የታሪክ ተመራማሪው ሽሎሞ ዶቭ ጎይታይን ነው። በኢየሩሳሌም በር ላይ ፈረሰኛ ረገጠው የሚለው ዝነኛ ታሪክ ከዘመኑ ብዙ ቆይቶ የመጣ ነው።

ስለ ባሕር የጻፋቸው ግጥሞች በዚህ ጉዞ ዙሪያ የተሰባሰቡ ሲሆኑ ከእነርሱ አንዱ ለጥያቄዎ ከማናቸውም የፍልስፍና ድርሰት የበለጠ ይመልሳል። ባለቅኔው ዓለምን ሁሉ የጥፋት ውኃ የዋጣት ያህል የብስ ፈጽሞ ከማይታይበት ስፍራ ላይ ነው፤ ማዕበሉ ይነሣል፣ ሳንቃው ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያም ሌሊት ሲሆን ባሕሩ ጸጥ ይላል። ሌሊቱን በወርቅ ጥልፍ ልብስ ያጌጠች የኩሽ ሴት ይመስለዋል፤ የእኛ አንባቢ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ቢል አይፈረድበትም። ቀጥሎ የሚመጣው ግን ከዚህም ይበልጣል። በውኃው ላይ የሚታዩት ከዋክብት ከመኖሪያቸው እንደተባረሩ ስደተኞች በባሕሩ ልብ ውስጥ ይቅበዘበዛሉ፤ ባሕርና ሰማይ እርስ በርሳቸው እስከማይለዩ ድረስ ተመሳስለው ሁለት ባሕሮች ይሆናሉ፤ በሁለቱ መካከልም የምስጋናው ሞገድ የሚነሣበት የባለቅኔው ልብ ሦስተኛ ባሕር ይሆናል። ስደት የሚለው ነገር በግጥሙ ውስጥ በግልጽ ተጠርቷል፤ ነገር ግን ስደተኛ የሆኑት የከዋክብቱ ነጸብራቆች ናቸው። ከዋክብቱ ራሳቸው ከሰማይ አልተነቀሉም። በኩዛሪ ሃሌዊ እስራኤልን በአሕዛብ መካከል እንዳለ ልብ አድርጎ የሚናገር መሆኑን ስናስታውስ፣ ልብ ባሕር የሚሆንበት ይህ ግጥም የፍልስፍናው ተቀጥላ ሳይሆን ቀጣይ ምዕራፍ ሆኖ ይነበባል። ማዕበሉን የፈራው ሰው ማዕበሉን በራሱ ውስጥ አግኝቶ ወደ ምስጋና መልሶታል።

ከሃሌዊ ወደ ሙሴ ማይሞኒደስ ስንሻገር ባሕሩ ግጥም መሆኑ ይቀራል። በኮርዶባ ተወልዶ በ1204 በግብፅ ያረፈው ይህ ታላቅ ፈላስፋ በ1165 ከሞሮኮ በቅድስት ምድር ወዳለችው የአኮ ወደብ በመርከብ ሲሻገር ማዕበል አግኝቶት ከሞት አፋፍ ተርፏል። ታናሽ ወንድሙ ዳዊት ነጋዴ ነበር፤ በቀይ ባሕር ዳር ከነበረው ከአይዛብ ወደብ ለወንድሙ የላከው ደብዳቤ እስከ ዛሬ አለ። በረሃውን ከተጓዦቹ ጓድ ተለይቶ በጭንቅ እንዳቋረጠ፣ በወደቡ የሚገዛ ነገር ስላጣ ወደ ህንድ ለመሻገር እንደወሰነ ይናገራል፤ በበረሃ ያዳነን በባሕርም ያድነናል ይላል። አላዳነውም፤ ዳዊት የራሱን፣ የወንድሙንና የሌሎችን ብዙ ገንዘብ ይዞ በህንድ ውቅያኖስ ሰጠመ፣ ሚስቱንና ትንሽ ልጁንም ትቶ አለፈ። ማይሞኒደስ ከስምንት ዓመት በኋላ በጻፈው ደብዳቤ ወሬውን ከሰማ በኋላ አንድ ዓመት ያህል በትኩሳት አልጋ ላይ እንደወደቀ፣ አሁንም መጽናናት እንዳልቻለ ይናገራል።

ይኸው ሰው በ1190 ገደማ በፈጸመው የፍልስፍና መጽሐፉ፣ በሦስተኛው ክፍል ምዕራፍ 17 ላይ፣ ስለ እግዚአብሔር ጥበቃ ሲከራከር የሚያመጣው ምሳሌ የመርከብ መስጠም ነው። መርከቡ መስጠሙ በአጋጣሚ ሊሆን ይችላል፣ እነዚያ ሰዎች በመርከቡ መሳፈራቸው ግን በእኛ እምነት በአጋጣሚ አይደለም፣ እንደ ፍርዱ በእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፤ የዚያ ፍርድ ሥርዓት ግን በአእምሯችን የማይደረስበት ነው ይላል። የወንድሙን ስም አይጠራም፤ መርከብን ምሳሌ ማድረግም ከእርሱ በፊት የነበረ ነውና ከሚገባው በላይ ማንበብ አይገባም። ቢሆንም ደብዳቤውን ያነበበ ሰው ይህን ምዕራፍ እንደ ደረቅ ሎጂክ ሊያልፈው አይችልም። በታልሙድ ዳኛውን ያቆመው የማይታይ ዳርቻ እዚህ ፈላስፋውን ያቆመዋል፤ ፍርድ መኖሩን ይናገራል፣ ይዘቱን ግን አልናገርም ይላል።

የ1492 የስፔን መባረር ብዙዎችን በመርከብ ላይ አወጣቸው፤ የንጉሥ ገንዘብ ሹም የነበረው ፈላስፋ ይስሐቅ አብራቫኔል ከቫሌንሲያ ወደ ኔፕልስ ተሻገረ። ከዚህ ዘመን ጽሑፎች ሰለሞን ኢብን ቬርጋ የተረከው አንድ ታሪክ ይበቃናል። በመርከቡ ቸነፈር ስለገባ መርከበኛው ስደተኞቹን ሰው በሌለበት ዳርቻ ይጥላቸዋል፤ አንድ ሰው ሚስቱንና ልጆቹን በረሃብ ያጣል፤ ከዚያም ተነሥቶ፣ ጌታ ሆይ ሃይማኖቴን እንድተው ብዙ እያደረግህ ነው፣ ሆኖም በሰማይ ያሉት ባይወዱም እኔ አይሁዳዊ ነኝ፣ አይሁዳዊም እሆናለሁ ይላል። መርከብም፣ የብስም፣ ጥበቃም ከሰውየው ተለይተዋል፤ የቀረው መደገፊያ የራሱ እምቢታ ነው።

ስፒኖዛን በዚህ መስመር ማስገባት ያከራክራል፤ በ1656 የአምስተርዳም ማኅበር አውግዞ ለይቶታልና። ሆኖም የፖርቱጋል ስደተኛ ነጋዴ ልጅ የሆነው ይህ ፈላስፋ «ሥነ ምግባር» በተባለው መጽሐፉ ሦስተኛ ክፍል መጨረሻ አካባቢ፣ እኛ ሰዎች በተቃራኒ ነፋሳት እንደሚገፋ የባሕር ሞገድ መጨረሻችንንና ዕጣችንን ሳናውቅ እንናወጣለን ይላል። ከእርሱ በፊት የነበሩት በባሕሩ ላይ ያለ ሰውን ያሳዩናል፤ በስፒኖዛ ሰውየው ራሱ ሞገዱ ነው። መርከብ የለም፣ ሳንቃ የለም፣ የሚደረስበት ወደብም የለም፤ ያለው ነፋሱን ማወቅ ብቻ ነው።

ከ20ኛው መቶ ዓመት ሁለት አይሁዳውያን ፈላስፎችን ልጥቀስ። ፍራንዝ ሮዘንዝቫይግ በመቄዶንያ ግንባር ወታደር ሳለ በ1917 ስለ ዓለም ታሪክና ስለ መልክዓ ምድር በጻፈው ድርሰት የብስንና ባሕርን ለየብቻ ይመረምራል፤ በ1921 በታተመው ዋና ሥራው ግን የአይሁድን ሕዝብ ከባሕር ጋር አያያይዝም፤ ሕዝቡ ከመሬት ሥር የለሽ ቢሆንም በራሱ ላይ ሥር የሰደደ ነው ይላል። ኢማኑኤል ሌቪናስ ደግሞ በባሕር ሲንከራተት ኖሮ ወደ ደሴቱ የሚመለሰውን የግሪኩን ኦዲሴዎስን፣ አገሩን ለዘለዓለም ትቶ ወደማያውቃት ምድር ከሚሄደው ከአብርሃም ጋር ያነጻጽራል። ለሌቪናስ ባሕረኛው ከቤቱ ፈጽሞ ያልወጣ ሰው ነው። ንጽጽሩ ግሩም ነው፤ ነገር ግን ሃሌዊን አያካትትም፤ እርሱ በባሕር ሄዶ ወደ ተወለደባት ምድር አልተመለሰም፣ ተወልዶባት የማያውቃትን ግን አገሬ ብሎ ነው የሄደው።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። አይሁድ ሥር የሌላቸው የባሕር ሕዝብ ናቸው የሚለውን ሐሳብ በብርቱ የገፉት ወዳጆቻቸው አልነበሩም። የናዚ ፓርቲ አባል የነበረው የሕግ ሊቅ ካርል ሽሚት በ1942 ስለ የብስና ስለ ባሕር ባሳተመው መጽሐፍ፣ መንግሥታት ሲተራረዱ አይሁድ ዳር ቆመው ሌዋታን የተባለውን የባሕር አውሬ ሥጋ እንደሚበሉ አድርጎ ጽፏል። በታልሙድ ግን የሌዋታን ግብዣ እግዚአብሔር በመጨረሻው ዘመን ለጻድቃን የሚያዘጋጀው ማዕድ ነው። ባሕርን የስደተኛነት ጠባይ መለያ ማድረግ ወደዚህ ክስ ለመንሸራተት ቀላል መንገድ ነው፤ ስለ ባሕር የጻፉትን አይሁዳውያን ራሳቸውን ማስቀደም ያለብን አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ስለ ቤተ እስራኤል ላቀረቡት ጥያቄ መልሴ አዎን፣ ስፍራ አላቸው፣ ግን በሌላ በር ይገባሉ የሚል ነው። ታልሙድም ኩዛሪም በእጃቸው አልነበረም፤ የነበራቸው በግእዝ የተጻፈው ኦሪት ነው። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን ስብከት በበረታበት በ1862፣ አባ መሐሪ የተባሉ መነኩሴ ብዙ ሕዝብ አስከትለው ከጎንደር አካባቢ ወደ ኢየሩሳሌም በእግር ተነሡ፤ የኤርትራ ባሕር ለሙሴ እንደተከፈለ ይከፈልልናል ብለው ነበር። ባሕሩ ዳር አልደረሱም፤ ጉዟቸው በትግራይ፣ በአክሱም አካባቢ ተቋረጠ፣ ብዙዎችም በረሃብና በበሽታ አለቁ። ታሪኩን የከሸፈ የዋህነት አድርጎ መተረክ ተለምዷል። እኔ ግን የኻዘሮቹ ንጉሥ ለጠየቀው ጥያቄ የተሰጠ መልስ አድርጌ አነበዋለሁ፤ ስለ ጽዮን የሚጸልይ ሰው መንገድ መጀመር አለበት ብለዋልና፣ ሃሌዊም ያለው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ ሃሌዊ ስለ ራሱ መጻፉ፣ የአባ መሐሪ ሐሳብ ግን በሌሎች አፍና ብዕር ብቻ የደረሰን መሆኑ ነው። ከ120 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ የእስራኤል የስለላ ድርጅት ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን በአሩስ የጠላቂዎች መዝናኛ አስመስሎ ካቋቋመው ስፍራ ቤተ እስራኤልን ሌሊት ሌሊት በጀልባ እያወጣ ወደ መርከብ አሳፍሯቸዋል፤ በኋላ ጉዞው ወደ አውሮፕላን ተለወጠ። ሆኖም በማኅበሩ የቃል ታሪክ ውስጥ ጎልቶ የሚነገረው ባሕሩ አይደለም፤ የእግሩ መንገድና በሱዳን መጠለያዎች የሞቱት ሰዎች ናቸው፣ ቁጥራቸውም 4,000 ገደማ እንደሚሆን ይገመታል። በዚህ ርእስ ላይ የሚጽፉ ከሆነ የአባ መሐሪን ጉዞ ከኩዛሪ አምስተኛ ክፍል መጨረሻ ጋር ጎን ለጎን አድርገው እንዲያነቡ እመክራለሁ፤ የ1980ዎቹን ጉዞ ግን ከባሕር ምሳሌ ጋር በግድ አያያይዙት፣ ተጓዦቹ ራሳቸው ያላያያዙት ነውና።